ሳናጣራ የደፋነው ወይን

ርዕሱን አይታችሁ «ይህቺ ልጅ ምን ነካት? ተማሪና ወይን ምን አገናኛቸው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሴሚስተር «ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ነገር ምረጡና አንባቢ ተከትሎ ሊሠራው በሚችል መንገድ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ጓደኞቼ ስለ ድፎ ዳቦ፣ ስለ አዋዜና ስለ ልብስ አተኳኮስ ጻፉ። እኔ የመረጥኩት ወይንን ከዝቃጩ ለይቶ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥን ነው። ፈረንጆቹ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የመስታወት ዕቃ አላቸው፤ ዲካንተር ይሉታል። ይህን ርዕስ የመረጥኩት ወይን አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። በዚሁ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ አንድ ጥፋት ስለተፈጸመና ከጥፋተኞቹ አንዷ እኔ ስለሆንኩ ነው።

የመጀመሪያው ጠርሙስ

አክስቴ የምትኖረው ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ከተማ ነው። ሥራዋ አዛውንቶችን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ስትመጣ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛልን መጣች። ወይኑ ባሮሎ ይባላል፤ እሷ ካለችበት ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚሠራ ነው። ሁለቱም ጠርሙሶች ላይ 2004 የሚል ቁጥር አለ። በእነሱ አቆጣጠር ወይኑ የተለቀመበት፣ እኔም የተወለድኩበት ዓመት ነው። «አንዱን ኮሌጅ ስትገባ፣ ሌላውን እኔ ስመጣ ትከፍቱታላችሁ» አለችን። እማዬም ሁለቱንም በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አቆመቻቸው።

ኮሌጅ መግባቴ የታወቀ ዕለት አባዬ አንዱን አወጣ። ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት እጅ በእጅ ዞረ። ጎረቤቱ ሁሉ «እስቲ ልየው» እያለ አገላበጠው፤ አንዱ የጀርባውን ጽሑፍ ለማንበብ ጭራሽ ዘቀዘቀው። ከዚያ ተከፈተና ቀጥታ ወደ ብርጭቆ ተቀዳ። የወጣው ነገር ድፍርስ ያለ፣ ጥቁር ቡናማ ቅንጣት የሚዋኝበት ፈሳሽ ነበር። እኔ ከንፈሬን ብቻ አስነካሁ፤ አፍ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይላል፣ ይመራል። አባዬ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ፊቱን ቋጠረ። «ተበላሽቷል» አለ። አንድ ጎረቤታችን «ቆሻሻ ገብቶበታል፤ ኋላ እንዳያማችሁ» ብሎ አጸደቀው። ማንም አልተከራከረም። ሙሉው ጠርሙስ ወደ ማጠቢያው ተደፋ።

ማታ አክስቴ ደወለች። «እንዴት ነበር?» ስትል አባዬ «ግሩም ነበር፤ እግዜር ይስጥልን» አላት። ስልኩ ለእኔ ሲሰጠኝ እኔም ያንኑ ደገምኩላት።

ዝቃጩ ከየት ይመጣል?

የቤት ሥራውን ስጀምር መጀመሪያ ያነበብኩት ስለዚሁ ቅንጣት ነበር። እንደኔ ላላወቃችሁ ላስረዳ። የቀይ ወይን ቀለም የሚመጣው ከፍሬው ልጣጭ ነው። ከልጣጩና ከፍሬው ዘር ታኒን የሚባል ነገርም አብሮ ይወጣል፤ ወፍራም ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንን ጭብጥ የሚያደርገን ማለት ነው። ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይተልቃሉ። ከተወሰነ መጠን ሲያልፉ ፈሳሹ ሊሸከማቸው ስለማይችል ወደ ታች ይዘቅጣሉ። አሮጌ ቀይ ወይን ቀለሙ የሚሳሳውና አፍን መጨበጡ የሚቀንሰው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ ዓይነት ዝቃጭም አለ። ይህኛው እንደ ስኳር ወይም እንደ መስታወት ስባሪ የሚያብለጨልጭ ሲሆን በነጭ ወይንም ላይ ይታያል፤ በተለይ ጠርሙሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቆየ። ከራሱ ከወይኑ አሲድ የሚፈጠር ጨው ነው። ሁለቱም ዓይነት ዝቃጭ ጤናን አይጎዳም። ችግሩ አንደኛው መምረሩ፣ ሁለቱም ጥርስ ላይ መንኳቸታቸው ነው።

እንግዲህ የእኛ ጠርሙስ ባሮሎ ነበር። ባሮሎ የሚሠራው ኔቢዮሎ ከሚባል፣ ታኒኑ ከበዛ የወይን ዓይነት ነው። በጣሊያን ሕግ መሠረት ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል። የእኛ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጧል። ዝቃጭ ባይኖረው ነበር የሚገርመው! በሽታ ብለን የፈረድንበት ነገር ሽበት ነበር።

በእኛ ቤት ስሙ ማን ነው?

ይህንን ለእማዬ ስነግራት ብዙም አልደነቃትም። «ታዲያ ይሄ እኮ ማቅረር ነው፤ ድሮ ብትነግሩኝ ኖሮ» አለች። ልክ ነች። ድፍርስ ነገርን አስቀምጦ ዝቃጩ ሲወርድ ጥሩውን ከላይ ቀስ ብሎ መቅዳት ማቅረር ነው። በጨርቅ ማሳለፍ ከሆነ ደግሞ ማጥለል ነው። ጠጅ የሚጥል ሰው ሁለቱንም ያውቃል፤ ጌሾው ወጥቶ በጨርቅ ይጠልላል፣ ከሥር የሚቀረው አምቡላ እንዳይነሳም ጋኑ አይነቀነቅም።

ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ቡና ነው። እማዬ ቡናው ሲፈላ ከእሳት አውርዳ ማቶቱ ላይ ታሳርፈዋለች። ለምን? አተላው እንዲወርድ። ስትቀዳ ጀበናውን ቀስ ብላ ታዘነብላለች፤ ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው ስትሄድ ቀና አታደርገውም፤ ቀና ካለ ማዕበል ይፈጠርና አተላው ይነሳል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉንም አሟጥጣ አትቀዳም። አሮጌ ወይን አቀዳድ ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም። የወይን መጻሕፍት በገጽ ሙሉ የሚያስተምሩትን ነገር እማዬ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ታደርገዋለች። እኛ ግን ጠርሙሱ የፈረንጅ ስለሆነ የራሳችንን እውቀት ሳሎን በር ላይ አስቀምጠን ገባን።

ሁለት ሥራ በአንድ ስም

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ወይንን ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ሁለት የተለያዩ ዓላማዎች አሉት።

አንደኛው ዝቃጭን መለየት ነው። ይህ ለአሮጌ ቀይ ወይንና ዝቃጭ ለጣለ ማንኛውም ወይን ነው። ሥራው ዝግታና እርጋታ ይፈልጋል። ሁለተኛው አየር ማስነካት ነው። ይህ ለወጣት፣ ለጠንካራ ወይም ሲከፈት ደስ የማይል ሽታ ላለው ወይን ነው። እዚህ ጋ ከፍ አድርጎ ማንቆርቆር፣ ማረፋረፍም ይቻላል።

ሁለቱ ሥራዎች ተቃራኒ ናቸው። አሮጌውን እንደ ወጣቱ ብታንቆረቁሩት ዝቃጩን ታስነሱታላችሁ፣ ያለውን ለስላሳ ሽታም ታባርሩታላችሁ። ስለዚህ ጠርሙስ ስታነሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማደርገው የትኛውን ነው?» የሚል ይሁን።

አሠራሩ

ዝቃጭ ላለው ወይን ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ጠርሙሱን ማቆም። ተጋድሞ የቆየ ጠርሙስ ዝቃጩ በጎኑ ላይ ስለሚተኛ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በጣም አሮጌ ከሆነ ሁለትና ሦስት ቀን ይሻላል። ቆሞ የነበረ ከሆነ ደግሞ ዋናው ነገር አለመነቅነቅ ነው፤ ለጎረቤት ማሳየት የለም!

2ኛ/ ዕቃ ማዘጋጀት። ዲካንተር የግድ አይደለም። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ንጹህ የመስታወት ጆግ ይበቃል። የሳሙናም ሆነ የቁም ሣጥን ሽታ እንዳይኖረው በሙቅ ውኃ ብቻ ደጋግማችሁ አለቅልቁና ዘቅዝቃችሁ አድርቁት። ብርሌም መልኩ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሙሉውን ጠርሙስ ግን አንድ ብርሌ ስለማይችለው ሁለት ሦስት ያስፈልጋል። እየቀያየሩ መቅዳት ደግሞ ጠርሙሱን ቀና ያስደርጋል። ስለዚህ ጆጉ ይሻላል።

3ኛ/ መክፈት። አንገቱ ላይ ያለውን ሽፋን ሙሉ በሙሉ ላጡት፤ ካልተላጠ አንገቱ ውስጥ የሚያልፈው ነገር አይታይም። አፉን በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የቡሽ መክፈቻውን ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ቆሞ የኖረ ጠርሙስ ቡሹ ወይኑ ስለማይነካው ይደርቃል፤ የመፈርፈር ዕድሉም ሰፊ ነው።

4ኛ/ መብራት። ከጠርሙሱ ትከሻ ማለትም ሆዱ ወደ አንገቱ ከሚጠብበት ቦታ ሥር ብርሃን ይቀመጣል። ድሮ ሻማ ነበር፤ ዛሬ የስልክ ባትሪ ይበቃል። ሻማው የነበረው ወይኑን ለማሞቅ ሳይሆን ለማየት ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋባችሁ ደግሞ እንደ ቀድሞዎቹ ሻማ አብሩና ቀጥሉ።

5ኛ/ መቅዳት። በአንድ እጅ ጆጉን አዘንብሉ፣ በሌላው ጠርሙሱን። ወይኑ በጆጉ ግድግዳ ላይ ሳይፈናጠር ይውረድ። ከጀመራችሁ በኋላ ማቋረጥ የለም፤ የጀበናውን ሕግ አስታውሱ።

6ኛ/ ማቆም። ዓይናችሁን ከትከሻው ላይ አታንሱ። መጀመሪያ እንደ ቀጭን ጭስ ያለ ነገር ወደ አንገቱ ሲሳብ ታያላችሁ። ያኔ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ከሥር አንድ ሁለት ጣት ያህል ይቀራል። እሱን አትሳሱለት፤ ለእሱ ስትሉ የቀዳችሁትን ሁሉ ታደፈርሱታላችሁ።

ቡሹ ተፈርፍሮ ከገባስ? አዲስ ስስ ነጭ ጨርቅ ያለ ሳሙና በፈላ ውኃ ቀቅላችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ጆጉ አፍ ላይ ዘርግታችሁ በዚያ ላይ ቅዱት። ይኸው ማቅረርና ማጥለል ተገናኙ ማለት ነው።

አየሩስ?

አየር ለወይን ወዳጅም ጠላትም ነው። ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረጋቸው ምርምሮች ወይንን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይሩት በአየር የሚኖሩ ረቂቅ ሕያዋን መሆናቸውን አሳይቷል። ተከፍቶ ቀናት የቆየ ወይን አቼቶ የሚሆነው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ ወይን ሲከፈት የተቃጠለ ክብሪት ወይም የእንቁላል ዓይነት ሽታ ይኖረዋል፤ ይህ ትንሽ አየር ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ታዲያ ምን ያህል አየር? እዚህ ላይ ሊቃውንቱም አይስማሙም። የቦርዶው ኤሚል ፔኖ (1912–2004 እ.ኤ.አ.) በ20ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ስም የነበረው የወይን ሳይንቲስት ነው። እሱ መገልበጥ ያለበት ዝቃጭ ያለው ወይን ብቻ ነው፣ እሱም ሊጠጣ ሲል ነው የሚል አቋም ነበረው። አየሩን ከሆነ ብርጭቆ ውስጥ በማሽከርከር ማግኘት ይቻላል፤ አስቀድሞ የተገለበጠ ግን የጠፋ ሽታው አይመለስም ባይ ነው። ሌሎች ደግሞ ታኒን የበዛበት ወጣት ወይን ለአንድ ሁለት ሰዓት ሰፊ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ይለሰልሳል ይላሉ።

እኔም በአቅሜ ሞከርኩ። ዝዋይ (ባቱ) አካባቢ ተተክሎ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ መሸጥ ከጀመረው የአገራችን ወይን አንድ ወጣት ቀይ ገዛን። ግማሹን ጆግ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አስቀመጥኩት፤ ግማሹን ቡሹን መልሼ ዘጋሁበት። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልናገር ለአባዬ፣ ለእማዬና ለታላቅ ወንድሜ ቀዳሁላቸው። አባዬ አየር የነካውን «ይሄኛው ለስለስ ይላል» አለ። ወንድሜ ሌላኛውን መረጠ። እማዬ «ሁለቱም አንድ ናቸው፤ አትድከሚ» አለችኝ። ከሦስት ሰው ሕግ አይወጣም። ነገር ግን ለዘወትር ወጣት ወይን መገልበጡ የግድ አለመሆኑን ለመረዳት በቃኝ።

ስለ ዕቃው አንድ ማስጠንቀቂያ

አንዳንድ ቤት ቡፌ ላይ ከባድ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ቅርጽ የክሪስታል ጠርሙስ ይታያል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት በ1674 (እ.ኤ.አ.) ፈቃድ ካወጣበት መስታወት ጀምሮ ለዚህ ውበት ሲባል እርሳስ የተባለው ብረት ይጨመርበት ነበር። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት እርሳሱ እየሟሟ ወደ መጠጡ እንደሚገባ፣ መጠጡ በቆየ ቁጥርም መጠኑ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢኖራችሁ መጠጥ ለቀናት አታኑሩበት። ተራ መስታወት ርካሽም ነው፣ አስተማማኝም ነው።

ሁለተኛው ጠርሙስ

አክስቴ ባለፈው ገና መጣች። ጠርሙሱን ከመምጣቷ ሦስት ቀን አስቀድሜ ከቁም ሣጥን አውጥቼ ማንም በማይደርስበት ጥግ አቁሜው ነበር። «ማን እንዳይነካው!» እያልኩ ቤቱን ስጠብቅ ሰነበትኩ።

በዓሉ ዕለት ከምሳ በኋላ ሽፋኑን ላጥኩ። ቡሹ እንደፈራሁት ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ። አባዬ «አበቃ!» አለ። የተቀቀለው ጨርቅ ተዘጋጅቶ ስለነበር ጆጉ ላይ ዘረጋሁት። ወንድሜ የስልኩን መብራት ያዘልኝ። እማዬ አጠገቤ ቆማ «ቀስ… ቀስ… ቀና እንዳታደርጊው» ትላለች፣ ልክ ቡና መቅዳት እንዳስተማረችኝ ጊዜ። ያ ጭስ የመሰለው ነገር ትከሻው ላይ ሲደርስ እሷ ነች ቀድማ ያየችው። «በቃ!» አለች፤ አቆምኩ።

ጆጉ ውስጥ ያለው ወይን እንደ ሸክላ ጡብ ቀላ ያለ፣ ከበስተጀርባው ጣት የሚያሳይ ጥርት ያለ ነበር። አክስቴ ብርጭቆዋን አሸተተች፤ ቀመሰች፤ ዝም አለች። ከዚያ «እኔም እኮ ቀምሼው አላውቅም» አለች። የምትንከባከባቸው አዛውንት ለበዓል ከዚህ ዓይነት አንድ ይከፍቱ እንደነበር፣ እሷ ግን ለራሷ ገዝታ እንደማታውቅ ነገረችን። የገዛችው ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለእኛ።

ቀጥላ «ከመጀመሪያው ይሻላል ወይስ ያው ነው?» ብላ ጠየቀች። አባዬ አቀረቀረ። እኔ ነገርኳት። እንደደፈነው፣ በስልክም እንደዋሸናት ነገርኳት።

ትንሽ ቆይታ «ለምን ደፋችሁት አልልም። እንዲያው የዚያኑ ዕለት ማታ ደውዬ የለ? ስልክ ላይ እኮ ነበርኩ። እንዲህ ሆነብን ብትሉኝ ምን ነበረበት?» አለች። አባዬ «አፍሬ ነው» አላት። «እኔስ ባዕድ ነኝ?» አለችው። ሌላ አልተናገረችም። ብርጭቆዋን አስሞላች።

ማጠቃለያ

እዚህ ላይ «ሁለተኛው ጥሩ ከሆነ የመጀመሪያውም ጥሩ ነበር» ብዬ ብደመድም ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ይህም ያለ ማስረጃ መፍረድ ይሆናል። በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት ጠርሙሶች አንዱ ሊበላሽ፣ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። የተበላሸ ወይን የራሱ ምልክት አለው፤ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፣ የጥፍር ቀለም ወይም የሻገተ እርጥብ ካርቶን ይሸታል። እኛ ያኔ ማናችንም አላሸተትንም። ያየነው መደፍረሱን፣ የቀመስነው ዝቃጩን ነው። አሁን እናጣራ ብንል እንኳ አንችልም፤ ማስረጃው ወደ ማጠቢያው ወርዷል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ድፍርስ ወይን ከቀረበላችሁ መጀመሪያ አሽትቱ። ሽታው ጤነኛ ከሆነ ጆግ ውስጥ መልሱት፣ ክደኑት፣ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት። በማግስቱ አብዛኛው ዝቃጭ ወርዶ ታገኙታላችሁ፤ ያኔ ቀስ ብላችሁ አቅርሩና ፍረዱ። አንድ ሌሊት መታገስ ነው። የሚያውቅ ሰው ስልክ ላይ ካለ ደግሞ ጠይቁት።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች «ማጣራት» የሚለውን ቃል በየክፍሉ እንሰማዋለን። እኔ ትርጉሙ የገባኝ በጆግና በጨርቅ ነው።